ያልተከራከርኩባት ላም

ይህ የገጠመኝ፣ ባጃጅ ቡታጅራ መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው። የዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን ልርሳው ብል እንኳ አይሆንልኝም።

እናቴ በቅርቡ ሞታ ነበር። ድንኳኑ ተነቅሎ ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ፣ ግቢው ውስጥ እኔና ቦራ የምትባለው ላሟ ብቻ ቀረን። እኔ የምሠራው ወልቂጤ፣ እንጨት ሥራ ቤት ነው። ቦራን የማሳድርበት ቦታ ስለሌለኝ መሸጥ ነበረብኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግሁት፤ የሚያልባት ሰው እንዲገዛትና ሥጋ ቤት እንዳትገባ። ለሌላው ሁሉ ግድ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያ ቀን አንድ ዘለላ እንባ እንኳ አልወጣኝም።

በገበያ ቀን ቡታጅራ ከብት ተራ ወሰድኳት። የመጀመሪያው ገዢ ጥርሷን አየ፣ ጡቷን ዳበሰ፣ ዋጋ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እሱ ግማሹን ጠራ።

"እሺ፣ ውሰዳት" አልኩት።

ሰውየው ደነገጠ። ላሟን እንደገና ዞሮ አያትና ሳይሰናበተኝ ሄደ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

ለካ ከብት ተራ ውስጥ የማይከራከር ሻጭ ጉድ ያላት ላም ይዞ የመጣ ነው። አንድ ደላላ ተናዶ መጣብኝ።

"ወንድሜ፣ ለመሸጥ ነው ወይስ ለመጣል የመጣኸው? ከፍ አድርገህ ጥራ፣ ተቆጣ፣ ገመዷን ይዘህ ልትሄድ ተነሳ እንጂ!"

እሺ አልኩት። ግን ለመቆጣት የሚሆን ነገር ውስጤ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ "ያቺ ላም ወተት የላትም" የሚለው ወሬ ተራውን አዳረሰው። አጠገቤ የቀረው አንድ ባለ ሥጋ ቤት ብቻ ነበር፤ ለእሱ ወተቷ ጉዳዩ አይደለም። ስለደከመኝ ገመዷን ልሰጠው እጄን ስዘረጋ፣ አንድ የመስቃን ገበሬ፣ ሽማግሌ፣ ጣልቃ ገቡ።

"አንተ ልጅ፣ ይቺ ላም ምን ሆና ነው?"

"ምንም አልሆነችም፣ አባባ። ትታለባለች።"

"እንግዲያው ማል። እናቴ ትሙት በል።"

ገበያ ውስጥ ሻጭ ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚለው መሐላ ነው። እኔ ግን "ሞታለች" አልኩ። "ላሟም የሷ ናት።"

ሽማግሌው ትከሻዬን ያዙ። "አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጥህ፣ ልጄ" አሉ። ባለ ሥጋ ቤቱን "አንተ ዞር በል" አሉትና እኔ ከጠራሁት በላይ ከፈሉኝ። ይበዛል ብላቸው "ከለቅሶ ቤት በርካሽ አልገዛም" ብለው ተቆጡ። ደላላው "ገዢ ሲጨምር ሻጭ ሲቀንስ! ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ንግድ ነው?" ብሎ ሳቀ።

ሽማግሌው ቦራን ይዘው ትንሽ እንደሄዱ ዞሩ።

"እናትህ ስታልባት ምን ትላት ነበር? እኛም እንበላት፤ ባዳ ቤት የገባች እንዳይመስላት።"

እናቴ ስታልባት በቋንቋችን የምትላት ነገር ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በየጠዋቱ የሰማሁት። ጮክ ብዬ አልኩት። ቦራ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች። እናቴ መሞቷ የገባኝ ያኔ ነው። ከብት ተራው መሀል ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። ሽማግሌው ገመዱን እንደያዙ፣ እስኪወጣልኝ ቆመው ጠበቁኝ።

ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናቴን የቀበርኳት መንደራችን ነው፤ ያለቀስኩላት ግን ቡታጅራ ከብት ተራ ነው። አላፍርበትም።