ለበግ የተባለው ወይን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት መስከረም አጋማሽ ላይ፣ በባለቤቴ በየሺ አርባ ቀን ነው። ስለ ሐዘን ሲወራ ዝም የምል ሰው ነኝ። ይቺን ነገር ግን እስከ ዛሬ ለማንም ስላላወራኋት እዚህ ልጻፋት።

እኔ አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ወንበር እሰፋለሁ። የሺ ደግሞ ስፔናውያን ባልና ሚስት ቤት ምግብ ታበስል ነበር። ሰዎቹ ሐምሌ ላይ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የአገራቸውን ቀይ ወይን አንድ ጠርሙስ ሰጧት። አምጥታ ቡፌው ላይ አስቀመጠችና ታስተምረኝ ጀመር።

«ይሄ ከበግ ጎድን ጥብስ ጋር ነው የሚጠጣው። ከአይብም ጋር ይሄዳል። ዓሣ ካቀረብክለት ግን ይጣላሃል።»

«በአይብ ከሆነማ ነገውኑ ልግዛ» አልኳት።

«አንተ ደግሞ! የእነሱ አይብ እኮ በቢላ ነው የሚቆረጠው» ብላ ሳቀችብኝ።

ፍልሰታ ሲፈታ በግ ገዝተን ልንከፍተው ተስማማን። አልደረሰችም። በጾሙ መሀል አንድ ጠዋት ራሴን አመመኝ አለች፤ ሐኪም ቤት ስወስዳት ጦር ኃይሎች ሳንደርስ ታክሲ ውስጥ ክንዴ ላይ አረፈች።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። አላለቀስኩም። ለቀስተኛው «ወንድ ልጅ በሆዱ ነው የሚያለቅሰው» እያለ ያስተባብልልኝ ነበር። ሆዴ ውስጥም ግን ምንም አልነበረም። ሥራ እገባለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እወጣለሁ። እንቁጣጣሽ መጥቶ ሄደ። የሰጡኝን እበላለሁ፤ ሽሮ ይሁን ሥጋ አልለየውም። ያቺን ጠርሙስ ብቻ ስገባም ስወጣም አያታለሁ። ከየሺ ጋር የቀረን ቀጠሮ እሷ ብቻ ነበረች። እንዳትነኩ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ማን ይነካታል ብዬ?

የአርባው ዕለት ድንኳን አልጣልንም፤ ለካህናቱና ለጎረቤት ብቻ ነው የደገስነው። ዶሮ ወጡን የያዙት ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ናቸው። ጴንጤ ናቸው፤ ተዝካሩ አይመለከታቸውም፣ ጉርብትናው ግን ይመለከታቸዋል።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ገባ ስል ቡፌው ላይ ጠርሙሷ የለችም። ጓሮ ብወጣ ከምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ቆማለች። ቡሹ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይንሳፈፋል። ሁለት ጣት የምትሆን ቀርታለች።

«እትዬ፣ ይቺ ምን ሆነች?»

«ቁሌቱ ላይ አደረግሁት። መክፈቻ ባጣ በማማሰያው እጀታ ገፋሁት» አሉ፤ ከዚያ ፊቴን አይተው ደነገጡ። «ምነው፣ ለወጡ ያዘጋጀኸው አይደለም እንዴ? እኔ በአፌ የማልነካው ሰው፣ የትኛው ወይን ለምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ዶሮ ወጥ ያለ ቀይ ወይን አይጥምም ብላ ያስተማረችኝ ራሷ የሺ ናት። አጠፋሁ እንዴ?»

መቆጣት ነበረብኝ። ልቆጣም ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም።

«ኧረ ምንም አይደለም» ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ካህናቱ ከተመገቡ በኋላ ለእኔም ሳህን መጣልኝ። እንደ ልማዴ ሳላይ ጎረስኩ። ከዚያ ማኘኬን አቆምኩ። የየሺ ወጥ ነው! መጨረሻ ላይ ጎምዘዝ የምትለዋ ነገር እንኳ ሳትቀር ያው የእሷ ወጥ። እሷ ከሄደች ወዲህ አፌ ጣዕም ሲለይ የመጀመሪያው ነበር።

እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ራበኝ እንጂ። እንደዚያ ርቦኝ አያውቅም። ሳህኑን ጨርሼ እትዬ ዘርፌ ጋ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይጨምሩልኝ» አልኳቸው።

ጭልፋውን እንደያዙ አፍጠው አዩኝ። «ብላ የኔ ጌታ! ብላልኝ!» እያሉ እየቀዱልኝ እንባቸው ወረደ። እኔ ማልቀስ ሲገባኝ እሳቸው አለቀሱልኝ። በጠርሙሷ የቀረችውንም በብርጭቆ ቀድቼ ከወጡ ጋር ጠጣኋት።

አሁንም ብዙውን ቀን ድንዝዝ ብዬ ነው የምውለው። በግም አልገዛሁም። ያ ወይን ከምን ጋር ነው የሚጠጣው ብትሉኝ ግን አውቃለሁ። ከየሺ ዶሮ ወጥ ጋር ነው።