በውኃ የተቀረጡ ድንጋዮች

አጎቴ ማስታወቂያ ጸሐፊ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በብሩሽ ሲጽፉ ኖረዋል፤ የጻፉትን ግን አንድም ቀን አንብበው አያውቁም። ይህን የምለው ላማቸው ብዬ አይደለም። እሳቸው ራሳቸው የሚኮሩበት ነገር ነው። የእሳቸው ድርሻ ፊደሏን ቀጥ አድርጎ ማቆም እንደሆነ፣ ማንበብ ግን የባለ ሱቁ ጣጣ እንደሆነ ለሰማቸው ሁሉ ይናገራሉ።

ሰፈርተኛው «መስመሬ» ይላቸዋል። ሰሌዳው ላይ በክርና በእርሳስ መስመር ሳያሰምሩ ብሩሽ አያነሱም። ጽሑፋቸው ያማረ መሆኑን አልክድም፤ ነገሩን የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። በአንድ ወቅት ጎረቤታቸው የሆነ ልብስ ሰፊ «ዘመናዊ ልብስ እንሰፋለን» የሚል ሰሌዳ አዘዛቸው። ሰውየው በጥድፊያ በሞነጫጨረው ብጫቂ ወረቀት ላይ «ስ» ተዘላ ነበር። አጎቴ በቀይ ቀለም፣ በእያንዳንዷ ፊደል ሥር ጥላ እያበጁ፣ «ዘመናዊ ልብ እንሰፋለን» ብለው ጽፈው ከበሩ በላይ ሰቀሉለት። ፍቅረኛው የከዳችው ጎረምሳ ሁሉ በር ላይ እየቆመ ልቡን በስንት ቀን እንደሚያደርስለት ሲጠይቀው የከረመው ልብስ ሰፊ ሊጣላ መጣ። አጎቴ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥተው ፊቱ ላይ ዘረጉለት። ክርክሩ በዚያው አበቃ። ከወረቀቱ ያፈነገጠች አንዲት ፊደል እንኳ ጽፈው እንደማያውቁ፣ እጃቸው አንድም ቀን ስቶ እንደማያውቅ ይምላሉ። በዚህ በኩል እውነታቸውን ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ከሱቃቸው ፊት ለፊት በፕላስቲክ ላይ የሚያትም ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ብሩሾቻቸው በጣሳ ውስጥ ቆመው ደረቁ። ሰው የሚያዛቸው የበር ቁጥር ብቻ ሆነ። በዚህ መካከል በወንዙ ሸለቆ ለጎብኚዎች የእግር መንገድ ተሠራና ዐሥራ አራት ሰሌዳዎች አስፈለጉ። ፕላስቲኩን ፀሐይ ያኮማትረዋል ተብሎ በብረት ላይ በእጅ ይጻፍ ተባለ። አጎቴ አንዱን ለናሙና ጻፉ። የመንገዱ ሥራ ኃላፊ ከተቀበለው የቀሩት ዐሥራ ሦስቱ የእሳቸው ይሆናሉ፤ ካልተቀበለው ሱቁን ይዘጋሉ። ይህን ለታናሽ እህታቸው፣ ማለትም ለእናቴ፣ ሲነግሯት ድምፃቸው እንደ ተማሪ ድምፅ ቀጥኖ ነበር።

ናሙናው በሚታይበት ቀን እናቴና እኔ አብረናቸው ወረድን።

ሸለቆው በዚያ ቀን ለተሰበሰበው የጎብኚ ጉባኤ የሚገባ ቦታ አልነበረም። ወንዙ ከአፋፉ ላይ ሲታይ ክር ያህላል፤ ወደ ታች ሲወረድ ግን ያ ክር የሠራው ሥራ ይገለጣል። ግራና ቀኙን ግድግዳ እንደ መጋረጃ ሸንሽኖታል። ጠጠር እያሽከረከረ በዐለቱ ውስጥ በመኪና የተቦረቦሩ የሚመስሉ ክብ ጉድጓዶች ፈልፍሏል። ወገባቸው ቀጥኖ አናታቸው የሰፋ ዓምዶችን አቁሞ፣ በመካከላቸው አረንጓዴ ሆኖ ያልፋል። ጎብኚው ደግሞ ጀርባውን ለዚህ ሁሉ ሰጥቶ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኗል። ዘወር ብለው ያዩት ጥቂቶችም ድንጋይን እንደ ድንጋይ ማየት አቅቷቸው ግመል፣ ጫማ፣ የተቀመጠ ዳኛ እያሉ ስም ያወጣሉ። አንድ ባል አንዱ ዓምድ አማቱን እንደሚመስል ለሚስቱ ሲነግራት፣ የገዛ እናቱ እንዳትሆን ጠጋ ብሎ እንዲያያት መከረችው። በመንገዱ ሁሉ የሰማሁት ብቸኛ የረባ ንግግር ይህ ነበር።

ሰሌዳው ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆሟል። ነጭ መደብ፣ ጥቁር ፊደል፦ «በውኃ የተቀረጡ ድንጋዮች። መንካት ክልክል ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተቀረጸ ድንጋይ ቅርጽ የወጣለት ነው። የተቀረጠ ድንጋይ ግን በጉምሩክ በኩል አልፎ ቀረጥ የተጣለበት መሆን አለበት።

«ጋሼ፣ የተቀረጹ ነው እንጂ የተቀረጡ አይባልም» አልኳቸው።

አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሌዳውን ለኩት። «ለምን? መስመሩ ተንጋዷል?»

«መስመሩስ ቀጥ ብሏል። ትርጉሙ ነው የተንጋደደው።»

ከደረት ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። የኃላፊው የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ማኅተም። «የተቀረጡ» የምትለዋ ቃል ቁልጭ ብላ ተጽፋለች። ኃላፊውና ሰዎቹ ሊመጡ ገና ግማሽ ሰዓት እንደሚቀር፣ መፋቂያውና ቀለሙም በቦርሳቸው ውስጥ እንዳሉ፣ አንዲት ፊደል ለማስተካከል ደግሞ ዐሥር ደቂቃ እንደሚበቃ አስረዳኋቸው።

«እና ሰውየውን ፊደል አያውቁም ልበላቸው?» አሉኝ ወረቀቱን መልሰው እያጠፉ። «ልጄ፣ እኔ ዐሥራ ሦስት ሰሌዳ ነው የምፈልገው።»

እናቴም ከጎን ሆና፣ የትም ብንሄድ የሰው ፈተና ማረም እንደማልተው ተናገረች። ስሕተትን እያየ የሚያልፍን ሰው ከማያየው ሰው እጅግ አብልጬ እንደምንቅ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ኃላፊው አስጎብኚውን አስከትሎ መጣ፤ ከኋላቸው ጎብኚው ተግተለተለ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «የተቀረጡ» ሲል ቅንድቡ እንኳ አልተነሣም። ለካ «ጸ» በአንደበቱ ቦታ የላትም፤ ጸጉርን ጠጉር፣ ጻፈን ጣፈ ይላል። ብዙ ሰው እንዲህ ይናገራል፤ በንግግር ነውር የለበትም። ነውሩ አንደበቱን ብረት ላይ ማስጻፉ ነው። አስጎብኚው በጣም ጥሩ ነው አለ፤ ኃላፊው በጣም ጥሩ ነው ካለ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ።

ከሰዉ መካከል ምርኩዝ የያዙ አንድ አዛውንት ወደ ሰሌዳው አዘነበሉ። «ለመሆኑ ስንት በመቶ ነው የተቀረጡት?» ብለው ጠየቁ።

ሳቁ ግድግዳ ለግድግዳ እየተላተመ ሸለቆውን ዞረ። አስጎብኚው ጀምሮት የነበረውን ሳቅ በሳል ለወጠው። ኃላፊው ሰሌዳውን አየ፤ ቀስ በቀስ ገባው፤ ፊቱ ደም መሰለ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረ።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው፣ አንተ ሰውዬ?»

የአጎቴ እጅ ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ። የወረቀቱ ጫፍ ብቅ ሲል አየሁት። ልብስ ሰፊውን ዝም ያሰኙበት መሣሪያ በእጃቸው ነበር፤ ሰዉም እያየ ነው። ጣታቸው ወረቀቱን ትንሽ ዳበሰውና ወደ ውስጥ መልሶ ገፋው።

«እጄ ስቶ ነው፣ ጌታዬ» አሉ።

ኃላፊው እንዴት ያለ ደግ ሰው እንደሆነ መመልከት ነበር። ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው። ሰው ሆኖ የማይሳሳት እንደሌለ፣ እሱ ግን የተጻፈ ነገር ሁሉ ይነበብ እያለ ዘወትር እንደሚወተውት ለጎብኚው አስረዳ። ፊደሏ አሁኑኑ ከተስተካከለች ሰኞ መጥተው የቀሩትን እንዲወስዱ ፈቀደላቸው። አንዳንዱ አጨበጨበ። አጎቴም ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ስማቸውን በገዛ አፋቸው ያጠፉ ሳይሆን ሽልማት የተቀበሉ ይመስሉ ነበር።

መፋቂያውን አወጡና ፊደሏን ፋቋት። ብሩሹን ነክረው ግን ቆሙ።

«የትኛዋ ናት? የጸሎቷ ጸ ናት ወይስ የፀሐይዋ?»

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከክፍል አንደኛ ወጥቼ የማላውቅበት ዓመት እንደሌለ ያውቃሉ። እሳቸው ግን የሚያዩት ኃላፊውን ነበር። ኃላፊው አገጩን አሸት አድርጎ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ፤ ፀሐይዋ አናቱ ላይ ነበረች።

«የፀሐይዋ» አለ።

«የጸሎቷ ናት» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ አድርጌ።

ኃላፊው የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀ። አጎቴ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ የእህታቸው ልጅ እንደሆንኩ፣ ትምህርት ስላበዛሁ ቅር እንዳይለው ነገሩት። ከዚያም የፀሐይዋን ፁ፣ ሳይቸኩሉ፣ ክቧን አስተካክለው ጻፏት። ከፊደሎቹ ሁሉ አምራ የወጣችው እሷ ነበረች።

ዳገቱን ስንወጣ አጎቴ ከፊታችን እየሄዱ ለሰኞ ስለሚገዙት ብሩሽ ያወሩ ነበር። እናቴ እንኳን ደስ ያለዎት እንድላቸው ሁለት ጊዜ በክርኗ ጎሸመችኝ። አላልኳቸውም።