አንድ ይጫኑ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር መናኸሪያ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ተቀምጬ ለአንድ ጉዳይ ስልክ ደወልኩ። የተቀዳ ድምፅ አነሳና «ለአማርኛ አንድ ይጫኑ» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ «ምን ነካት!» በሚል ዓይን አዩኝ። ምን ላድርግ፣ ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር የምትታየኝ ገብስ የተጫነች አህያ ናት።

ያኔ ገና የተመረቅሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርኩ። አብራኝ የምትኖረው ሰናይት ከአዲስ አበባ መጥታ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ሌላው ሰው በስልክ ሲያወራ እሷ ስልኩ ራሱ የሚደውልበትን ዘዴ ስትፈልግ ታመሽ ነበር፤ አገኘችውም! ላፕቶፗ ላይ የጻፈችው ፕሮግራም በኢንተርኔት በኩል ለብዙ ገበሬ ባንድ ጊዜ ይደውላል፣ የተቀዳ መልእክት ያሰማል፣ ሰውየው የነካውን ቁጥር ደግሞ መልሶ ያሳያታል። እኔ በበኩሌ ጉድ እያልኩ አያታለሁ።

በዚያ ጥቅምት ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው ገሳይ አካባቢ አባ ሰንጋ ገባ። ጠዋት ደህና የነበረ በሬ ማታ ወድቆ ይገኛል። ክትባት በበረዶ ሣጥን ተይዞ መጣልን፤ በረዶው ከቀለጠ ግን አይሆንም፣ ያ ሁሉ ከብት በአንድ ቀን መከተብ አለበት። ሰናይት ፕሮግራሟን አሰናዳች፤ ድምፁ የኔ ነበር፦ «ቅዳሜ ጠዋት ከብት እንከትባለን። የሚመጡ ከሆነ አንድ ይጫኑ።»

ቅዳሜ ማልደን ገሳይ መስኩ ላይ ቆምን። ብርዱስ ቢባል! በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ የኛ ኪስ ውስጥ ግን ያለው የገብስ ቆሎ ብቻ ነው። መስኩ ባዶ ነው። ሰናይት ስክሪኑን ብታይ ቁጥር የነካ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ፀሐይ እንዳያገኘው የበረዶ ሣጥኑን በነጠላዬ ሸፈንኩት።

አረፋፍዶ አያ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ ብቅ አሉ፤ ከፊታቸው ሁለት በሬ፣ ከኋላቸው የተጫነች አህያ።

«አያ፣ ወደ ገበያ ነዎት?» አልኳቸው።

«የምን ገበያ! ልጅቷ በስልክ ‹አንድ ይጫኑ› አላለችም? ይኸው አንድ አህያ ገብስ ጭኜ መጣሁ። የክትባቱ ዋጋ መስሎኝ።»

«ጎረቤቶችዎስ?»

«ከየት አምጥተው ይጭናሉ ልጄ? እህሉ ገና ማሳ ላይ ነው። ከብታቸውን እያዩ በጭንቅ ተቀምጠዋል።»

እኔ ልስቅ ስል ሰናይት ክንዴን ያዘችኝ። «እውነታቸውን ነው» አለች። «አህያ እንጂ ስልክ ይጫናል እንዴ?» ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። «አያ፣ ልቅዳዎት፤ እስቲ እርስዎ በራስዎ አፍ ይንገሯቸው።»

አያ ተሰማ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንደምን አደራችሁ! ልጆቹስ? ከብቱስ?» ብለው ዝም አሉ፤ መልስ መጠበቃቸው ነው። ቆይተው «እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ተሰማ ነኝ። ጭነት የሚባል የለም፣ በነጻ ነው። ከብታችሁን ብቻ ነድታችሁ ቶሎ ድረሱ!» አሉ።

«ዝም ያሉበትን ትቆርጪዋለሽ አይደል?» አልኳት።

«አልነካውም። ሰዎቹ ሰላምታ የሚመልሱት እዚያ ላይ ነው» አለችኝ።

ፕሮግራሙ መደወል ሲጀምር ቀድሞ የጮኸው የራሳቸው የአያ ተሰማ ስልክ ነበር። አነሱና ዓይናቸው ፈጠጠ። «በስመ አብ! ተሰማ ነኝ ይላል! እኔ እዚህ ቆሜ!» አሉ። የሰው ሰላምታ ሳይመልሱ መዝጋት ግን አልሆነላቸውም፤ «ደህና ነኝ፣ ይመስገነው» ብለው ዘጉት።

ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ከየአቅጣጫው ከብት ይጎርፍ ጀመር። በረዶው ሳይቀልጥ ክትባቱ አለቀ፤ ከተከተቡት ውስጥም በዚያ ዓመት በአባ ሰንጋ የወደቀ አልሰማንም። አያ ተሰማ ገብሳቸውን ይዘው ሲመለሱ ሰናይትን አቅፈው መረቋት። እኔም ያን ቀን የኮራሁባትን ያህል በሰው ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አዋቂ አይቻለሁ። ማሽን ለሽማግሌ ሰላምታ መልስ ጠብቃ እንድታልፍ ያደረገ ሰው ግን ከሷ በቀር አላየሁም።

ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ደወልኩላት። አሁን አዲስ አበባ ናት፤ ፀጉሯም እንደኔው ሽበት ጀምሮታል። ስልኩን አንስታ ሁልጊዜ እንደምትለው «ምን ጫንሽ?» አለችኝ።

«ገብስ» አልኳት።