መስቀል ይለፍ

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ በጠበቃ አፌ ስዋሽ መኖሬን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። አንተ አንባቢዬ አታውቀኝም፤ ንስሐም ልትሰጠኝ አትችልም። ምናልባት የደፈርኩት ለዚህ ይሆናል።

አሰላ ውስጥ ጠበቃ ነበርኩ። አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ጠበቆች ተመርጠው ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ተጠሩ፤ ከአሰላ የሄድኩት እኔ ነኝ። አስተማሪያችን ፈረንጅ ስለነበረ በአስተርጓሚ ነው የሚናገረው። አካሉ የተጎዳ ሰው ስለሚከፈለው ካሳ ባስተማረን ቀን፣ ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ነገረን። ከዚያ ጣቱን ወደ እኛ ቀሰረና «አገራችሁ ስትመለሱ ይህን የሚያውቅ ሰው አታገኙም። ተጎጂውን ቶሎ ንገሩት፤ የጠራናችሁ ለዚህ ነው» አለ። ሌላው ሲያንቀላፋ እኔ ነቅቼ ሰማሁ። አልሰማሁም የምልበት ቀዳዳ እንኳ የለኝም።

በተመለስኩ ሰሞን፣ ጳጉሜ ውስጥ፣ የዘመን መለወጫው ገበያ ደርቶ ሳለ ሳጉሬ ላይ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ሾፌሩ ጎማው ሥር ድንጋይ ሳያደርግ ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ነበር። መኪናው ከኋላ ገብስ ይጭን የነበረውን ከድርን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ እግሩን አደቀቀው። ከድር የሰፈሬ ልጅ ነው። አባቱና አባቴ ድንበርተኞች ነበሩ፤ ኦሮምኛን የተማርኩት እነሱ ቤት ነው። መኪናው ደግሞ የእህል ነጋዴው የአቶ ታፈሰ ነበር። አቶ ታፈሰ የዘወትር ደንበኛዬ ነው፤ የቤቴ ቆርቆሮ የተገዛው በእሱ ጉዳይ ነው።

በአርሲ ደንብ ቁስል ሳይድን ካሳ አይቆረጥም፤ የጎደለው ምን ያህል እንደሆነ የሚታየው ሲድን ነው ይላሉ። እናም ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ቁስሉም ይጠበቅ ጀመር። አልድን አለ። አንድ ዓመት ሄደ። በሁለተኛው ዓመት ሐኪሞች እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ቀኑን እያሰብኩ ዝም አልኩ። መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ግን «እግዜር ይማርህ» እለው ነበር፤ አፌ ለዚህ ለዚህ አያንስም።

በነሐሴ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ በምርኩዝ ተደግፎ ቢሮዬ ገባ። ጨርቁን ፈትቶ የቀረውን እግሩን አሳየኝ።

«ይኸው ዳነልኝ፣ አቶ ወርቁ። ካሁን ወዲያ ምን ላድርግ?»

ሁለት ዓመቱ የሚሞላው በጳጉሜ ነውና ገና ጊዜ ነበረው። አንድ ገጽ ማመልከቻ ይበቃው ነበር፤ ወረቀቱም ብዕሩም ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ። እኔ ምን አልኩት? «መንገዱ ጭቃ ነው፤ በዚህ ሁኔታህ አትመላለስ። መስቀል ይለፍ» አልኩት። በገዛ ቋንቋው አልኩት፣ እንዲያምነኝ። ከድር እስላም ነውና ሳቀ። «መስቀል የኔ በዓል ባይሆንም፣ እርስዎ ይለፍ ካሉ ይለፍ፣ ጌታው» ብሎ መርቆኝ ወጣ።

አቶ ታፈሰ እንዲህ በልልኝ አላለኝም። እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩንም አያውቅ። እኔ ነኝ ሄጄ «ዳኛው ሲጠይቁህ ጊዜው አልፏል በል» ያልኩት። መስቀል አለፈ፤ ከድር መጣ፤ ክሱን በራሴ እጅ ጻፍኩለት። የሞተ ክስ መሆኑን እያወቅሁ፣ ፊደሉን አሳምሬ ጻፍኩለት። ዳኛው ፋይሉን ዘጉ። ከድር ነገሩ አልገባውም፤ ስንወጣ ክንዴን ይዞ «ተፈረደልኝ?» አለኝ። አቶ ታፈሰ በግ ላከልኝ። በላሁት።

ለምን አደረግኩት? ደንበኛዬ እንዳይሸሸኝ ፈርቼ? አዎ። ግን ሌላም አለ፤ የተማርኩት ነገር ሲሠራ ማየት ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ስጽፍ ራሴን ይቀፈኛል።

ሕሊናዬን ላባብል የፍርድ ቤቱ አዳራሽ ዘበኛ አድርጌ አስቀጠርኩት። ባየኝ ቁጥር ምርኩዙን ተደግፎ ይነሣና ይመርቀኛል። ያን ምርቃት አምላክ ምን ብሎ ይሰማው ይሆን እያልኩ፣ በኋላ በኋላ በዚያ በር ማለፍ ያስፈራኝ ጀመር።

በዓመቱ፣ በዚያው አዳራሽ፣ አዲሱን ሕግ ለአካባቢው ጠበቆች እንዳስተምር ታዘዝኩ። ከጢቾም ከዴራም መጡ። ይርጋው ላይ ስደርስ ምሳሌ አስፈለገኝና የከድርን መረጥኩ። ስሙን አልጠራሁም። «አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው፣ ቁስሌ ይዳን እያለ ተጎልቶ መብቱን አስበላ» አልኩ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዴራ የመጣ አንድ ወጣት ጠበቃ ግን እጁን አወጣ።

«ጠብቅ ያለው ማነው?»

«ሽማግሌዎቹ ናቸዋ» አልኩ።

ይህን ብዬ ቀና ስል በሩን አየሁ። ከድር ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። አማርኛ ይሰማል።

ሁሉም ሲወጡ ገባ። ሁልጊዜ ቁልፉን እሱ ነበር የሚይዘው፤ ያን ቀን እጄ ላይ አስቀመጠው። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ሽማግሌዎቹማ በዚያ ነሐሴ፣ ባለመኪናው እንቢ ብሎናል፣ ሂድ ክሰስ ብለውኝ ነበር» አለኝ። «ወላሂ፣ እኔ ነኝ አቶ ወርቁ ይለፍ ብለውኛል ብዬ የመለስኳቸው።»

ምርኩዙ ደረጃውን እየመታ ሲወርድ ሰማሁ። በማግሥቱ ሥራ አልገባም። ልጆቹን ይዞ ወደ ባሌ ተሻገረ አሉ።

አንተን ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው ያንተ አይደለም። ያለው ከድር እጅ ላይ ነው፣ ከድር ደግሞ ባሌ ነው፣ ባሌም ሩቅ አይደለም። ልሄድ ተነሥቼ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ። በሚቀጥለው፣ መስቀል ይለፍ አልኩ። ብዙ መስቀል አለፈ።