ጉም የሚለካው መሣሪያ

እኅቴ ጉም ስትለካ ሁለት ወር ሞላት። ቀልድ የሚመስለው ሰው ካለ መጥቶ ይይ።

እታለም እላታለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝም እሷ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የድንጋይ ካባው ውስጥ የሜትር ጫፍ ያዥ ሆና ገባች። ዛሬ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀያሽ ናት፤ ጉልበቷ ግን ቀድሟት አርጅቷል። ድማሚቱ ከመፈንዳቱ በፊት ከሸለቆው ማዶ ባለው የእግር መንገድ ላይ ሰው መኖር አለመኖሩን ታያለች፤ ካለም ምን ያህል እንደሚርቅ ትለካለች። ከአምስት መቶ ሜትር ከራቀ አረንጓዴ ባንዲራዋን ታውለበልባለች። ካልራቀ ማንም መጥቶ ቢለምናት አታነሳትም።

ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ዓመት፣ ባንዲራው በሌላ ሰው እጅ ሳለ፣ የተፈናጠረ ድንጋይ መንገዱ ላይ አንድ አህያ ገደለ። ባለቤቱ ከአህያው ኋላ ሁለት እርምጃ ያህል ነበር። ባለ ባንዲራው ሲጠየቅ "በግምት የራቁ መስሎኝ" አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ እታለም ግምት የሚባል ነገር ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ቤት ውስጥ እንኳ "ትንሽ ጨው ጨምሪበት" ስላት "ትንሽ ማለት ስንት ነው?" ትለኛለች።

የድሮው መለኪያ በዝናብ ተበላሸና ሦስት አዳዲስ የሌዘር መለኪያዎች ለምርጫ መጡ። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ ኮሚቴው ውስጥ አለሁበት። ሰብሳቢው የግዥ ኃላፊው ነው፤ ጫማው እንዳይቆሽሽበት በጣቱ ጫፍ የሚራመድ ሰው።

"ጉም ባለበት ጠዋት እንሞክራቸው" አለች እታለም። "ግድግዳ ሳይሆን ሰው ለኩ። እኔው መንገዱ ላይ እቆምላችኋለሁ።"

ነገሩ ቀላል ነው። መለኪያው ብርሃን ይልካል፤ ብርሃኑ ያገኘውን ነክቶ ይመለሳል፤ መለኪያው ከዚያ ርቀቱን ያሰላል። ጉም ካለ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ጉሙን ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ደግሞ በጠራ አየር፣ በሚያንጸባርቅ ሰሌዳ ላይ የተገኘ ነው፤ ዝናብ የመታው ሰው አያንጸባርቅም። ከሦስቱ አንዱ፣ ከባዱና መልከ ጥፉው፣ ካርቶኑ ላይ አንድ ሺህ ሜትር ብቻ ተጽፎበታል። ነገር ግን ቅርብ ያለውን ትቶ መጨረሻ የነካውን እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል፤ ውሃም አያስገባም። እሷ የፈለገችው እሱን ነው።

ኃላፊው ሳቀ። "አንቺ ደግሞ! ሁለት ሺህ የሚለካ እያለ አንድ ሺህ የሚመርጥ ሰው ዛሬ አየሁ።"

አንቺ አላት፤ በዕድሜ እናቱ የምትሆነውን ሴት! ከዚያ እኩለ ቀን ላይ፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ ከቢሮው በረንዳ ሳይወርድ በኖራ የተቀባውን የውሃ ታንከር አነጣጠረበት። ባለ ሁለት ሺሁ መለኪያ ወዲያው ቁጥሩን አወጣ። ተጨበጨበ። ሦስት ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ሦስተኛው የእኔ ነው። ምሳ ሰዓት ደርሶ ርቦኝ ስለነበር ፈረምኩ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም፤ እስከ ዛሬ በራሴ እበግናለሁ።

ክረምቱ ገባ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሸለቆውን ሲሞላው መለኪያው ሠላሳ ስምንት ሜትር ይላል፤ አንዳንዴ አርባ አንድ። እታለም ባንዲራዋን ጠቅልላ በእግሯ ትወርዳለች፤ መንገዱን ዳር እስከ ዳር አይታ፣ መንገደኛውን አሳልፋ፣ ጉልበቷን እያሻሸች ትመለሳለች። አንድ ሰዓት ይሄዳል። ሥራ ዘገየ ተባለና ኃላፊው ደብዳቤ ጻፈ፤ በጉም ጊዜ ከመቶ በታች የሆነ ቁጥር ሁሉ ጉም ስለሆነ ተትቶ የትናንቱ ቁጥር ይመዝገብ፤ ቀያሿ እምቢ ካለች ባንዲራው ለሌላ ይሰጥ።

የትናንቱ መንገደኛ ዛሬም እዚያው ቆሞ ይጠብቃል እንዴ?

ማክሰኞ ጠዋት ኃላፊው ትእዛዙ መከበሩን ሊያይ መጣ። ጉሙ ዐይን አያስገልጥም። ጉድጓዶቹ ውስጥ ገና ድማሚት አልገባም፤ ይህን እኔና እታለም እናውቃለን፤ እሱ አያውቅም።

"ኃላፊ፣ መንገዱ ድረስ ወርደው በሬዲዮ ቢያዙን ለሪፖርቱም ያምራል" አልኩት። ሪፖርት ሲባል ደስ ይለዋል፤ ወረደ። መለኪያውን ከእታለም እጅ ተቀበልኩ።

"ደረስኩ" አለ በሬዲዮ።

"ሠላሳ ስምንት ይላል።"

"ጉም ነው። የትናንቱን ጻፍ።"

"የትናንቱ አምስት መቶ ስልሳ ነው። ጻፍኩ። ባንዲራው ሊነሳ ነው።"

ሬዲዮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። "ቆይ! ቆይ እንጂ፣ እኔ አለሁ እዚህ!"

"ጉም ነዎት፣ ኃላፊ። ደብዳቤዎ ነው የሚለው።"

እታለም መለኪያውን ነጠቀችኝ። "በሰው ነፍስ ትቀልዳለህ? አንተም እንደሱ ሆንክ?" አለችኝ። አፈርኩ፤ ግን ምን ያዋሸኛል፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ ነበር።

እያለከለከ ወጣ፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አሁን ገባው፣ ከባዱን መለኪያ ያስመጣል ብዬ ነበር፤ ሞኝ አይሙት! ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በፍንዳታ ሰዓት የቢሮ ሠራተኞች በእግር መንገዱ እንዳይሄዱ በጥብቅ ተከልክሏል ይላል። ስለ መንገደኛው አንድ ቃል የለም። ያኛው ደብዳቤም አልተሻረም፤ እንዲያውም በማግስቱ ጠዋት ባንዲራውን ከእታለም ተቀብለው የትናንቱን ቁጥር ለመጻፍ ለማይሰንፍ ሰው ሰጡት።

ጉሙ ያንኑ ያህል ነበር። ድማሚቱ ገብቷል። እታለም አልተከራከረችም፤ የኔን ሬዲዮ ወስዳ ወረደች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ድምጿ ለሁላችንም ተሰማ።

"መንገዱ መሀል ተቀምጫለሁ። ጉሙ እስኪገፈፍ ወይ ደህናው መለኪያ እስኪመጣ አልነሳም። የትናንቱን ቁጥር የሚጽፍ ካለ ይጻፍ።"