አልረጋ ያለው መነጽር

ሰውዬው ጥላውን አያምንም ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው። የሰጡትን ነገር ሁሉ «እስቲ ልየው» ሳይል ስለማይቀበል፣ የእርሻ ድርጅቱ ሠራተኛ በሙሉ እስቲልየው ብሎ አወጣለትና እናቱ ያወጣችለት ስም ተረስቶ ቀረ። ዳቦ ሲገዛ ገልብጦ ያያል። አጠገቡ ሰው ሲያስነጥስ «የምር ጉንፋን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሚስቱ «ደህና አደርክ?» ስትለው እንኳ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጋ ይሆን ብሎ ትንሽ አስቦ ነው የሚመልስላት።

ሥራው የድርጅቱን ጠመንጃዎች መጠገንና መጠበቅ ነው። የሚሠራባት ክፍል ከትራክተር ጋራዡ ጀርባ ያለች፣ የማሽን ዘይትና የላስቲክ ሽታ የማይለቃት ጠባብ ክፍል ናት። በሩ ላይ አንድ ቁልፍ ድርጅቱ አድርጎለታል፤ ሌላውን ራሱ ገዝቶ ጨመረበት። ሲወጣ ሁለቱንም ቆልፎ ጥቂት ይራመድና፣ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቀዋል።

ጠመንጃዎቹ በቆሎውን የሚያወድመውን ከርከሮ መምቻ ናቸው። ተኳሹ ደግሞ የታናሽ እህቱ ባል ነው። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ክፉ የማይወጣው ሰው ነው፤ እስቲልየውን «ጋሼ» ነው የሚለው። ጠመንጃ ሲሰጠው አይመረምርም፣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል። ይኼ ነገር ለእስቲልየው ተውጦለት አያውቅም። ዕቃ ተቀብሎ የማያይ ሰው አንድ የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው ባይ ነው።

ታዲያ በዚያ በጋ ጉድ መጣ። ተኳሹ በሚይዘው ጠመንጃ ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር አለ፤ መነጽሩን የሚይዙት በብሎን የሚጠብቁ ሁለት የብረት ቀለበቶች ናቸው። ጠመንጃ ሲተኮስ ይራገጣል፤ በተራገጠ ቁጥር መነጽሩ ቀለበቱ ውስጥ ሸርተት ማለት፣ ትንሽም መዞር ጀመረ። እዚህ የስንዴ ፍሬ የምታህል መንሸራተት፣ እዚያ ማዶ ጥይቱን የት እንደምትወስደው አምላክ ይወቀው። ተኳሹ መጀመሪያ ከርከሮ ሳተ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። በሁለተኛው ግን ጥይቱ የቀን ሠራተኞቹን የውኃ ታንከር በሳው፤ አንዲት ሴት ጄሪካኗን ይዛ እዚያው ጥግ ቆማ ነበር። ያኔ የሳቀ ሰው የለም።

ሥራ አስኪያጁ እስቲልየውን አስጠራው።

«በሚቀጥለው ሰው ነው የሚመታው» አለው። «ችግሩ የጠመንጃው ነው ወይስ የሰውዬው? የጠመንጃው ከሆነ አስተካክለው። የሰውዬው ከሆነ ጠመንጃውን ያስረክብና የድርጅቱን ቤት ለቆ ይሂድ። ዓርብ መልሱን እፈልጋለሁ።»

የድርጅቱ ቤት ማለት እህቱ ያለችበት ቤት ነው። እስቲልየው ይኼን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። ግን ጥርጣሬ የያዘው ሰው ለእህቱ መቼ ያዝናል!

ነገሩን እንዲህ አድርጎ መረመረው። ብሎኖቹን ያጠበቅኳቸው እኔ ነኝ፤ ካቻቢቴው እስኪንሸራተት ድረስ ነው ያጠበቅኳቸው። ስለዚህ ወይ ሰው ከፍቶታል፣ ወይ ጠመንጃው ወድቋል። ሰው ከፍቶት እንደሆነ ደግሞ ማወቂያ ነበረው። በጋው ሲገባ አንድ ቀን ካቻቢቴውን ካስቀመጠበት ቦታ ሳያገኘው ቀርቶ ነበርና፣ ሰው ክፍሌ እየገባ ነው ብሎ ወጥመድ አጥምዷል። ቀለበቶቹን ፈታና ውስጣቸውን ስስ አድርጎ ዘይት ቀባቸው፤ የሚነካካው ሌባ ቢኖር የጣቱ ምልክት ዘይቱ ላይ እንዲቀር። በዚህ ብልሃቱ ለራሱ ሳቅ ብሎ ነበር። አሁን ሲከፍተው የማንም ጣት አላረፈበትም። እንግዲህ ካልተከፈተ ወድቋል፤ ጠመንጃውን የሚይዘው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ጥለኸዋል?» አለው አማቹን።

«ኧረ አልጣልኩም፣ ጋሼ።»

«አደናቅፎህም አያውቅ?»

«አላደናቀፈኝም።»

ሰውዬው አልተቆጣ፣ አልማለ። ይኼ እርጋታው ነገሩን አባሰው። ንጹሕ ሰው ቢሆንማ ይቆጣ ነበር አለ እስቲልየው በልቡ፤ ቢቆጣም ኖሮ ደግሞ ጥፋተኛ ስለሆነ ነው የሚቆጣው ማለቱ አይቀርም ነበር። በማግስቱ እህቱን ሊጠይቅ የመጣ መስሎ ሄደና፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን የባልዋን ሱሪ ጉልበቱ ላይ ይመረምር ጀመር።

«ሱሪው ምን አደረገህ፣ ወንድሜ?» አለችው።

«ምነው ጉልበቱ ሳሳ?»

«ተንበርክኮ ነዋ የሚተኩሰው! ቆሞ ይተኩስ?»

ቶሎ መለሰች፤ ተዘጋጅታበታለች ማለት ነው አለ በልቡ።

ዓርብ ደረሰ። እስቲልየው ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሞ «ጠመንጃው ጤነኛ ነው» አለ። አማቹን በስም አላነሳም፤ ማንሳትም አላስፈለገውም። ተኳሹ ተጠርቶ ሲነገረው ይሟገታል፣ ይጮኻል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። እሱ ግን እስቲልየውን አየት አደረገና «ጋሼ ካለ ልክ ነው» ብሎ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ወሩ ሲያልቅ ቤቱን እንዲለቁ ተባለ። እስቲልየውም ያልተሟገተው አውቆት ነው ብሎ ራሱን አጽናና፤ ምግብ ግን አልበላ ብሎት ሰነበተ።

ጠመንጃው ለበር ዘበኛው እንዲሰጥ ታዘዘ። እስቲልየው ዘበኛውን ያምናል ብላችሁ ነው? እሱም ቢጥለው እጅ ከፍንጅ ልይዘው ይገባል አለ። ከሚስቱ ዕቃ ውስጥ ቀይ የጥፍር ቀለም ሰርቆ፣ ከቀለበቱ ወደ መነጽሩ የሚሻገር አንድ ቀጭን መስመር አሰመረ። መነጽሩ ንቅንቅ ካለ መስመሩ ለሁለት ይቆረጣል። ማታ ሚስቱ ቀዩን ጣቱን አየችውና ራቱን ሳታቀርብ ቆመች።

«ይኼ የማን ጥፍር ነው ጣትህን ያቀላው?»

«ካንቺው ብልቃጥ ነው፤ ለጠመንጃው ነው።»

«ለጠመንጃው የጥፍር ቀለም!» አለችና ብልቃጡን አምጥታ ምን ያህል እንደጎደለ መብራት ላይ አነሳችው። ከሱ ጋር የኖረ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይማራል!

በነጋታው ለዘበኛው ከማስረከቡ በፊት ራሱ ሊሞክረው ከጎተራው ጀርባ ወጣ። ጠመንጃውን አሸዋ በሞላ ጆንያ ላይ አስደግፎ ማዶ ወዳቆመው ሳንቃ ደጋግሞ ተኮሰ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀዩ መስመር ተቆርጧል። ግማሹ ቀለበቱ ላይ ቀርቷል፤ ግማሹ ከመነጽሩ ጋር ወደፊት ሸሽቷል።

ቀና ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። የሚጠረጥረው ሰው አልነበረም። ጠመንጃው ከእጁ አልወጣ፣ አልወደቀ፣ ማንም አልነካው። እየፈራ ብሎኖቹን ፈታ፤ ቀለበቱ ውስጥ ጣቱን ሲያሳልፍ የራሱ ዘይት ሙልጭልጭ አለበት። ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ መኪና እንደማያቆም ጋራዥ ውስጥ የሚውል ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። ሌባ እንዲያዝበት ያጠመደው ወጥመድ መነጽሩን ሲያንሸራትት ከርሟል።

ቀለበቶቹን በቤንዚን አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ አደረቃቸው። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ፣ ከዚህኛው ወደ ማዶኛው እያለዋወጠ ትንሽ በትንሽ አጠበቃቸው። መስመሩን እንደገና አስምሮ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቆ ተኮሰ። መስመሩ ንክች አላለም። እንዲህ ቀላል ነበር፤ አንጀቱን የበላውም ይኼው ነው።

በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዶ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ሰውዬውን መልስ፤ ያንተን በኋላ እንነጋገራለን» አለው ሥራ አስኪያጁ ፊቱን አጥቁሮ።

እህቱ ቤት ሲደርስ አልጋው ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ ሳህኖቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ገብተዋል። እህቱ ብርድ ልብስ ታጥፋለች። አማቹ መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። እስቲልየው በር ላይ እንደቆመ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ወጥመዱ፣ ስለ ሁሉም አንድ በአንድ ነገራቸው። ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ስድብ ቢመጣማ በቀለለው።

አማቹ ዓይኑን በመዳፉ አሸት አደረገ።

«ጠመንጃውን ካስረከብኩ በኋላ ከተማ ሄጄ ዓይኔን ታይቼ ነበር» አለ። «ሐኪሙ፣ ዓይንህ ምንም አልሆነም፣ የልጅ ዓይን ነው ያለህ አለኝ።»

«ታዲያ?»

«አላመንኩትማ። ጠመንጃው ጤነኛ ነው ብለሃላ። አንተ ምን ታውቃለህ ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ስሻገር እንኳ ሰው እጄን ይዞኝ ነው።»

እህቱ ማጠፏን ትታ ወንድሟን አየችው። አማቹ ፊቱን ወደ እስቲልየው መለሰ።

«እንግዲያው ዓይኔ ደህና ነው ማለት ነው፣ ጋሼ?»

«ደህና ነው» አለ እስቲልየው፤ ቀና ብሎ ሊያየው ግን አልቻለም፣ እዚያው በሩ ላይ አለቀሰ።