የአባዬ ግማሽ ፀጉር

ጎተራ አንድ ፀጉር ቤት አጠገብ ሳልፍ የአልኮል ሽታ ሲመጣብኝ ሟቹ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ካዛንቺስ ፀጉር አስተካካይ ነበር። መኪና ገጭቶት ጭንቅላቱ ከተጎዳ በኋላ ስሙን እንኳ በግድ ነበር የሚያስታውሰው። ሐኪሟ የለመደውን ሥራ እንዲሞክር ስትመክረን፣ አባታችን አርብ ጠዋት ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ተቀመጠለት። ወንድሜ ግማሹን እንደቆረጠ ማሽኑ ከእጁ ወደቀ።

«አልችልም... እኔ ማን ነኝ?»

«አብሽር! ፀጉሬን የምትቆርጠው ልጄ ነህ። የቀረውን ነገ ትጨርሰዋለህ፤ በቃ» አለው አባዬ።

ያለ ኮፍያ ጁምዓ ሄደ። ሰው ሲስቅበት «ልጄ ገና አልጨረሰም» ይል ነበር። ቅዳሜ ፎጣውን ያመጣው ወንድሜ ራሱ ነው።

እሱ ካረፈ ወዲህ አባዬን የምቆርጠው እኔ ነኝ። አልችልበትም። ግን በየአርቡ እቆርጠዋለሁ።